ሪፒት ፕሪስክሪፕሽን ሳይቋረጥ ለማዘዝ፦ በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩ የአሠራር መመሪያ

«ክኒኔ አልቋል። ፋርማሲ ብሄድ ምንም አልመጣልንም አሉኝ፤ ጂፒ ብደውል ልከናል አሉኝ። አሁን የት ልሂድ?» ይህን ጥያቄ በተለይ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደጋግመን ስለምንሰማ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲህ አስቀምጠነዋል።

ሪፒት ፕሪስክሪፕሽን ማለት ሐኪሙ በየጊዜው ሳያይዎት ደግመው እንዲያዝዙት የፈቀደው መድኃኒት ነው፤ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የታይሮይድ፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ይታዘዛሉ። ጥያቄዎ በሁለት እጅ ያልፋል። ማዘዣውን የሚፈርመው ጂፒው (የተመዘገቡበት የሰፈር ሐኪም ቤት) ነው፤ መድኃኒቱን የሚያዘጋጀው ፋርማሲው ነው። ሁለተኛው ሥራውን የሚጀምረው የመጀመሪያው ሲጨርስ ነው። መድኃኒት «ጠፋ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነውና፣ ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ያንን ክፍተት ለመዝጋት ናቸው።

መመሪያው ለእንግሊዝ ነው። በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ መድኃኒት በነፃ ስለሚሰጥ የክፍያው ክፍል እዚያ አይሠራም፤ የማዘዣው መንገድም ይለያል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከመድኃኒቱ ከረጢት ጋር የተሰጠዎ የመጨረሻው የመድኃኒት ዝርዝር ወረቀት (ሪፒት ስሊፕ)
- አሁን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው
- 10 አሃዝ ያለው የኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) ቁጥርዎ፤ በዝርዝሩ ወረቀት ላይ ወይም ከሆስፒታል በመጣ ደብዳቤ ላይ ያገኙታል
- ፓስፖርት ወይም የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ
- የራስዎ ብቻ የሆነ ኢሜይልና የሞባይል ስልክ
- የሚጠቀሙበት ፋርማሲ ስምና ፖስት ኮድ
- ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት ካለዎት እሱን

ደረጃ 1፦ ቀን ሳይሆን ክኒን ይቁጠሩ

እዚህ አገር ብዙ ክኒኖች 28 ፍሬ በያዘ ካርቶን ነው የሚመጡት፤ ማለትም ለአራት ሳምንት። ወር ግን 30 ወይም 31 ቀን ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን አዲስ ካርቶን ከፍተው በቀን አንድ ቢወስዱ የመጨረሻውን ጃንዋሪ 28 ይውጣሉ፤ ሦስት ቀን ባዶ ይቀራል። «በየወሩ መጀመሪያ አዝዛለሁ» የሚሉ ሰዎች መድኃኒት የሚያልቅባቸው በዚህ ምክንያት ነው። በ28 ክኒን ካርቶን ዓመቱን ለመሸፈን 12 ሳይሆን 13 ካርቶን ያስፈልጋል።

የሰባት ቀን ክኒን ሲቀርዎት ይዘዙ። ሰባት ያልንበት ምክንያት ይህ ነው፦ አብዛኞቹ ጂፒዎች ሁለት የሥራ ቀን ይወስዳሉ፣ ፋርማሲው ከአንድ እስከ ሦስት የሥራ ቀን ይፈልጋል፣ በመካከል ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ይገባሉ። በእነሱ የገና፣ የአዲስ ዓመትና የፋሲካ ሰሞን ከሆነ 10 ቀን ሲቀር ይዘዙ፤ ዲሴምበር 25 እና 26፣ ጃንዋሪ 1፣ ከፋሲካቸው በፊት ያለው ዓርብና ከፋሲካቸው ማግስት ያለው ሰኞ ጂፒ ዝግ ነው። የእኛ ገናና ፋሲካ በሌላ ቀን ሲውል ግን እንደ ማንኛውም ቀን ክፍት ናቸው፤ ቀኑን በእኛ በዓል አስበው እንዳይሳሳቱ።

ቁጥሩ ከክኒን ውጭ ላሉት ትንሽ ይከብዳል፦

ኢንሱሊን። አንድ ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ብዕር ይይዛል፤ እያንዳንዱ ብዕር 3 ሚሊ ሊትር ሲሆን በተለመደው መጠን 300 ዩኒት ማለት ነው። በቀን 20 ዩኒት የሚወስዱና ከመውጋትዎ በፊት መርፌውን ለመፈተሽ 2 ዩኒት የሚያፈሱ ከሆነ በቀን 22 ይሄዳል፤ አንዱ ብዕር 13 ቀን ያህል ነው። በቀን 8 ብቻ የሚወስዱ ሰው ብዕሩ 30 ቀን ይቆየኛል ብለው ያስቡ ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ኢንሱሊኖች ከተከፈቱ ከ28 ቀን በኋላ መጣል አለባቸው። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አይተው ቀኑን በብዕሩ ላይ ይጻፉበት። መርፌና የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ለብቻቸው የተመዘገቡ ናቸውና ኢንሱሊኑን ሲያዝዙ አብረው አይመጡም፤ ለየብቻ ምልክት ያድርጉባቸው።

ኢንሄለር። የሳልቡታሞል ሰማያዊው ኢንሄለር አብዛኛውን ጊዜ 200 ጊዜ ይነፋል። በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያው 120 ወይም 200 ይሆናል፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ከወሰዱ 120ው ለ30 ቀን፣ 200ው ለ50 ቀን ይበቃል። ቆጣሪ የሌለውን ኢንሄለር እየነቀነቁ «ገና አለው» አይበሉ፤ መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ ጋዙ ይሰማል። ሰማያዊውን በሳምንት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚፈልጉት ከሆነ ደግሞ ሌላ ከማዘዝ በፊት የአስም ነርሷን ያነጋግሩ፤ አስሙ በሚገባ አልተያዘም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ መድኃኒቱ በእርግጥ ሪፒት ላይ መኖሩን ያረጋግጡ

የዝርዝሩን ወረቀት ይመልከቱ። የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው (ለምሳሌ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም)፣ ብዛቱ፣ እና አንድ ቀን ይታያል። ያ ቀን ሐኪሙ መድኃኒትዎን እንደገና የሚገመግምበት ነው፤ «ሪቪው» ይሉታል። ቀኑ ካለፈ ጥያቄዎ ሊዘገይ ወይም ሊመለስ ይችላል። ይህ የሚደረገው ለእርስዎ ደኅንነት ነው፦ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው የስኳሩና የኩላሊቱ፣ ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ የታይሮይዱ፣ ሊቲየም ወይም ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ደግሞ ከዚያም በላይ ቶሎ ቶሎ የሚደረግ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። የሪቪው ቀንዎ አንድ ወር ሲቀረው ቀጠሮ ይያዙ።

አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ መድኃኒት፣ ለምሳሌ አንቲባዮቲክ፣ በዝርዝሩ ላይ አይኖርም። ሆስፒታል የጀመረልዎም አዲስ መድኃኒት በራሱ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ የሆስፒታሉ ደብዳቤ ጂፒው ዘንድ ደርሶ፣ ሐኪሙ አይቶት፣ መዝግቦት ነው። ሆስፒታሉ ይዘው እንዲወጡ የሚሰጥዎ መድኃኒት የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከወጡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደውለው «ደብዳቤው ደርሷል? መድኃኒቱስ ሪፒት ላይ ገብቷል?» ብለው ይጠይቁ። ከሆስፒታል የተሰጠዎትን ቅጂ ራስዎ ወስደው ሪሴፕሽን ቢሰጡ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል።

ደረጃ 3፦ ፋርማሲዎን ያስመዝግቡ

ዛሬ ማዘዣ ከጂፒ ወደ ፋርማሲ የሚሄደው በኮምፒውተር ነው። የሚሄደውም እርስዎ ወዳስመዘገቡት ፋርማሲ ነው። ቤት ሲቀይሩ ይህ ምዝገባ አብሮዎት አይቀየርም። ከቶተንሃም ወደ ክሮይደን የተዛወረ ሰው አዲስ ሰፈሩ ያለው ፋርማሲ ቆሞ ሲጠብቅ፣ መድኃኒቱ ግን ተዘጋጅቶ ቶተንሃም ተቀምጧል። ለመቀየር ወረቀት አያስፈልግም፤ በአፑ ላይ ወይም አዲሱ ፋርማሲ ገብተው በመንገር ይጨርሳሉ። ግን ከማዘዝዎ በፊት ያድርጉት፤ ቀድሞ የተላከ ማዘዣ ወደ ድሮው ቦታ ሊሄድ ይችላል።

ደረጃ 4፦ የኤንኤችኤስ አፕን ይክፈቱ (አንድ ጊዜ ብቻ)

አፑን አውርደው በኢሜይልና በስልክ ቁጥር ይመዝገቡ፤ ፓስፖርቱን ወይም መንጃ ፈቃዱን ፎቶ ያነሱታል፣ ፊትዎንም በቪዲዮ ያሳያሉ። አንድ ኢሜይል ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ልጅ በራሱ ኢሜይል የእናቱን አካውንት ልክፈት ቢል አይቀበለውም፤ ለእናት የራሷን ይክፈቱላት።

እኛን የሚያስቸግረን እዚህ ላይ ነው። አፑ የሚፈልገው በፓስፖርትዎና በጂፒ መዝገብ ላይ ያለው ስምና የልደት ቀን አንድ እንዲሆን ነው። የእኛ ስም ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይለዋወጣል፤ ፀሐይ፣ ጌታቸው፣ ኃይለማርያም በየቢሮው በተለያየ ፊደል ይመዘገባሉ፤ ኃይለማርያም አንዱ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። የአያት ስም በአንዱ ቦታ «ሰርኔም» (የቤተሰብ ስም) ሆኖ፣ በሌላው የአባት ስም በዚያ ቦታ ገብቶ ይገኛል። የልደት ዓመትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። አፑ «አላገኘንዎትም» ካለ ደጋግመው አይሞክሩ። ፓስፖርትዎን ይዘው ሪሴፕሽን ሄደው መዝገቡ ልክ እንደ ፓስፖርቱ እንዲታረም ይጠይቁ። ፓስፖርት ከሌለዎት ደግሞ ሦስት ነገሮችን እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፦ ሊንኬጅ ኪይ፣ ኦዲኤስ ኮድ እና አካውንት አይዲ። በእነሱ መግባት ይቻላል።

ስማርት ስልክ የማይጠቀሙ ወላጅ ካሉዎት ጂፒውን «ፕሮክሲ አክሰስ» ይጠይቁ። እናትዎ ፈቃዳቸውን ፈርመው ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ በራስዎ አካውንት ገብተው ያዝዙላቸዋል። የእናትዎን የይለፍ ቃል ይዞ ከመግባት ይህ ይሻላል፤ ሐኪሙ የጻፈውን ማን እያነበበ እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል።

ደረጃ 5፦ ይዘዙ

1. አፑ ውስጥ «ፕሪስክሪፕሽንስ» የሚለውን፣ ቀጥሎ ሪፒት ለመጠየቅ የሚለውን ይጫኑ።
2. የሚታየው ፋርማሲ ትክክለኛው መሆኑን ይመልከቱ።
3. የሚያስፈልግዎትን ብቻ ይምረጡ። ከቤት የወጣ መድኃኒት ሳይከፈት እንኳ ቢመለስ ፋርማሲው ለሌላ ሰው መስጠት አይችልም፤ ይወገዳል። ሕመም ሲሰማዎት ብቻ የሚወስዱትን ማስታገሻና ቅባት በየጊዜው አይምረጡ።
4. ለሐኪሙ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ካለ በአጭሩ ይጻፉ፤ ቀድመው የሚያዝዙ ከሆነ ምክንያቱን (ለምሳሌ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ኢትዮጵያ እሄዳለሁ»)። ምክንያት የሌለው የቀደመ ጥያቄ ይመለሳል። ስለ አዲስ ሕመም ግን እዚህ አይጻፉ፤ በዕለቱ የሚያነበው ላይኖር ይችላል።
5. አረጋግጠው ይላኩ። የመጨረሻው «ተልኳል» የሚለው ገጽ እስኪታይ ድረስ አፑን አይዝጉ።

ያለ አፕም ይቻላል። በዝርዝሩ ወረቀት ላይ የሚፈልጉት መድኃኒት አጠገብ ምልክት አድርገው ጂፒው በር አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ይክተቱ፤ ከመክተትዎ በፊት ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ቢጠፋ ምን እንዳዘዙ የሚያሳዩት በእሱ ነው። በስልክ ማዘዝን ብዙ ጂፒዎች አይቀበሉም፤ ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ በመስማት ስሕተት ይፈጠራል።

ሁኔታዎ ለረጅም ጊዜ ካልተለዋወጠ «ኢ-አር-ዲ» የሚባለውን ይጠይቁ። ሐኪሙ እስከ 12 ወር የሚሆን ማዘዣ በአንዴ ይፈርምና ፋርማሲው በየጊዜው ያወጣልዎታል። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ፣ መጠኑ ለማይለዋወጥ የደም ግፊት ወይም የታይሮይድ መድኃኒት ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ነው።

ደረጃ 6፦ ሦስተኛው የሥራ ቀን ላይ ይከታተሉ

በመጀመሪያ አፑን ይክፈቱ። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል ወይስ ተመልሷል? ከተመለሰ ጂፒ ይደውሉ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሪቪው ወይም የደም ምርመራ ነው። ተቀባይነት ካገኘ ፋርማሲ ይደውሉ። ፋርማሲው «የለም» ካለ «ስፓይን ላይ እዩልኝ» ብለው የኤንኤችኤስ ቁጥርዎን ይስጡ፤ ስፓይን ማዘዣዎቹ የሚቀመጡበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር ነው። ሌላ ፋርማሲ አውርዶት ከሆነ፣ ያ ፋርማሲ ወደ ስፓይን እንዲመልሰው ደውለው ይጠይቁ፤ ከዚያ እርስዎ ያሉበት ያወርደዋል። ጂፒው እንደገና ሌላ እንዲጽፍ አያስፈልግም።

ሲደውሉ ቋንቋ የሚያስቸግርዎት ከሆነ «ኢንተርፕሬተር፣ አምሐሪክ ፕሊዝ» ይበሉ። አስተርጓሚ በነፃ ነው።

ደረጃ 7፦ ከፋርማሲው ሳይወጡ ከረጢቱን ይክፈቱ

ስምዎንና የልደት ቀንዎን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ጥንካሬውን፣ ብዛቱን ይመልከቱ። የካርቶኑ ቀለም ቢቀየር አይደንግጡ፤ አምራቹ ተለውጦ ይሆናል። መመሳሰል ያለበት የመድኃኒቱ ስምና ቁጥሩ ነው። 5 የነበረው 10 ከሆነ፣ ወይም «ሚሊ ግራም» የነበረው «ማይክሮ ግራም» ከሆነ እዚያው ይጠይቁ፤ ሁለቱ በአንድ ሺህ እጥፍ ይለያያሉ። መድኃኒቱ ጎድሎ «የቀረው በኋላ ይመጣል» ካሉ ወረቀቱን ይቀበሉ፣ ስንት እንደቀረዎትም ይጻፉ።

ተራ ማዘዣ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ይሠራል። እንደ ሞርፊን፣ ትራማዶል፣ ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲን ያሉ ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው ግን 28 ቀን ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደገና መጻፍ አለበት።

ደረጃ 8፦ ክፍያ

ለእያንዳንዱ መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2024 ጀምሮ የነበረው ዋጋ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ነፃ መሆንዎን ያጣሩ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ከ16 በታች የሆኑ፣ እስከ 18 ድረስ በሙሉ ጊዜ ትምህርት ላይ ያሉ አይከፍሉም። እርጉዝ ሴትና ከወለደች 12 ወር ያልሞላት ደግሞ የወሊድ ምስክር ወረቀቱን ከአዋላጇ ወይም ከጂፒ ጠይቃ ትይዛለች። ስኳርን በመድኃኒት የሚያክሙ፣ ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ፣ ለሚጥል በሽታ ዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች «ኤፍፒ92ኤ» የሚባለውን ፎርም ከጂፒ ይሞላሉ። ካርዱ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን የሌላ ሕመማቸውንም መድኃኒት በሙሉ ነፃ ያደርጋል። ከሆም ኦፊስ ድጋፍ የሚያገኙ ጥገኝነት ጠያቂዎች «ኤችሲ2» የሚባል ምስክር ወረቀት አላቸው፤ ቁጥሩን ለፋርማሲው ያሳያሉ።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት የገቢ ድጎማ) የሚያገኝ ሁሉ ነፃ አይደለም። ያለፈው ወር የሥራ ገቢ 435 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ በዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ውስጥ የልጅ ድርሻ ያለበት ወይም ለመሥራት አቅሙ የተገደበ ከሆነ 935።

ከፋይ ከሆኑና መድኃኒትዎ ብዙ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ይግዙ፤ «ፒፒሲ» ይባላል። የሦስት ወሩ 32.05፣ የዓመቱ 114.50 ፓውንድ ነው። በሦስት ወር ከሦስት በላይ ወይም በዓመት ከ11 በላይ መድኃኒት ከወሰዱ ያተርፋሉ። የዓመቱን በአሥር ከፍለው በባንክ መክፈል ይችላሉ። ምስክር ወረቀትዎ ገና ካልደረሰ ገንዘቡን ከፍለው በዚያው ቅጽበት «ኤፍፒ57» ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ገንዘብዎ የሚመለሰው በእሱ ብቻ ነው፣ በኋላ ቀን ደግሞ አይሰጥም።

ጥንቃቄ፦ ሠራተኛው «ትከፍላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ በደንብ ሳይረዱ «ኖ» አይበሉ፤ ያልተረዱት ሳጥን ላይም ምልክት አድርገው አይፈርሙ። መብቱ ሳይኖር ነፃ ብሎ የፈረመ ሰው የመድኃኒቱን ዋጋና እስከ 100 ፓውንድ ቅጣት የሚጠይቅ ደብዳቤ ቤቱ ይደርሰዋል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

መድኃኒት ሲያስጠላ ወይም የጎንዮሽ ጉዳት ሲያመጣ ዝም ብሎ ማዘዝ ማቆም። ጂፒው እየወሰዱት ነው ብሎ ያስባል፤ ግፊቱ ወይም ስኳሩ ሲጨምር ሌላ ይደርብበታል። የፋርማሲው ባለሙያ ያለ ቀጠሮ ያነጋግርዎታልና ይንገሩት።

በጾም ወቅት ሰዓት መቀያየር። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን የጠዋቱን ወደ ማታ ማዛወር ለአንዳንዱ መድኃኒት ይሆናል፤ ለኢንሱሊንና ለስኳር ክኒን ግን ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ይጠይቁ።

ጂፒ ሲቀይሩ ባዶ እጅ መሄድ። አዲሱ ጂፒ መዝገብዎ እስኪደርሰው ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ ከድሮው የመጨረሻ ማዘዣዎን አውጥተው የዝርዝሩን ወረቀት ይዘው ይመዝገቡ።

ካለቀብዎት

ክኒን ከቆመ በኋላ ጥቂት ሰዓት እንኳ መጠበቅ የሌለባቸው አሉ፦ ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት። ጂፒው ክፍት ከሆነ ደውለው የመድኃኒቱን ስም ጠቅሰው «ዛሬ አልቋል» ይበሉ። ዝግ ከሆነ 111 (የኤንኤችኤስ የምክር መስመር) ይደውሉ ወይም በኢንተርኔት ይግቡ፤ የአደጋ ጊዜ መድኃኒት ወደሚሰጥ ክፍት ፋርማሲ ይመሩዎታል። ባዶውን ካርቶን ወይም የዝርዝሩን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። እንደ ትራማዶልና ፕሪጋባሊን ያሉትን ግን ፋርማሲው በዚህ መንገድ መስጠት አይችልም። ስሙ አንድ ነው ብለው የጎረቤትን ወይም የዘመድን ክኒን አይዋሱ፤ ጥንካሬው ይለያያል። ራስን መሳት፣ የማይቆም መንቀጥቀጥ ወይም የደረት ሕመም ካለ 999 (የአምቡላንስ ጥሪ) ይደውሉ።

ወደ አገር ቤት ሲሄዱ

ከጉዞው ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀድመው ይጠይቁ። ምን ያህል እንደሚሰጥ እያንዳንዱ ጂፒ ይወስናል፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር አያልፍም። ኢንሱሊን ከሻንጣ ጋር ወደ ታች አይላክ፤ እዚያ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል፣ በእጅ ይያዙት። መድኃኒቱን ከካርቶኑ አያውጡ፤ የዝርዝሩን ወረቀት ቅጂ አብሮ ያስቀምጡ፣ አዲስ አበባ ላይ ቢጠፋብዎ ሐኪሙ የሚያየው እሱን ነው። ቁጥጥር ያለበትን መድኃኒት ከያዙ ለእርስዎ መታዘዙን የሚያሳይ ደብዳቤ ከጂፒው ይውሰዱ፤ የሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ከሆነ ከሆም ኦፊስ ፈቃድም ያስፈልጋል።